ድሬን በሙሉ በአንድ ፊልም፦ ባለብዙ ታሪክ ስክሪፕት ስትጽፉ የትኛውን ማሰሪያ ትመርጣላችሁ?

ድሬዳዋ ውስጥ ስክሪፕት ይዘው ከሚመጡ ወጣቶች ብዙዎቹ የሚመኙት ከተማዋን በሙሉ የሚያሳይ ፊልም ነው። ጡረታ የወጣ የምድር ባቡር ሠራተኛ አለ፤ ከአወዳይ ጫት ጭኖ የሚበር የአይሱዙ ሾፌር አለ፤ ቀፊራ ገበያ የምትነግድ እናት አለች፤ ጅቡቲ ለመሻገር ልቡ የተነሳ ልጅ አለ። ሐሳቡ ያምራል፣ እኔም ከልቤ እወደዋለሁ። ጣጣው የሚመጣው አሥረኛው ገጽ ገደማ ነው። እነዚህን ሰዎች አንድ ፊልም ውስጥ ምን ሰበሰባቸው? «ሁሉም የድሬ ልጆች ናቸው» የሚለው መልስ ለግጥም ይበቃ ይሆናል፣ ለስክሪፕት ግን አይበቃም።

ባለብዙ ታሪክ ፊልም ሲያምርም ሲበላሽም ምክንያቱ በአብዛኛው የተዋናይ ብዛት ወይም የበጀት ነገር አይደለም፤ ማሰሪያው ነው፤ ታሪኮቹን አንድ ላይ የሚይዘው ነገር ማለቴ ነው። እኔ የምጠቀምበት መፈተኛ ይህ ነው፦ ከታሪኮቹ አንዱን ከነሰዎቹ አውጡትና የቀረውን አንብቡ። የቀሩት ታሪኮች ምንም ካልጎደላቸው ያወጣችሁት ታሪክ ለብቻው አጭር ፊልም ይሁን፤ እዚያ ቦታ የለውም። መጉደል ስል የድርጊት ክፍተት ብቻ ማለቴ አይደለም። ቀሪውን ታሪክ የምናይበት ዓይን ከተቀየረ፣ የምናዝንለት ሰው ከተለወጠ፣ ያም መጉደል ነው።

ከዚህ በታች አራት ማሰሪያዎችን አወዳድራለሁ፦ ቦታ፣ ድንገተኛ ክስተት፣ ከእጅ ወደ እጅ የሚሄድ ዕቃ እና ሐሳብ። አራቱ ጉልበታቸው እኩል ስላልሆነ እኩል ቦታ አልሰጣቸውም።

ቦታ

አንድ ግቢ፣ አንድ ሆቴል፣ አንድ ሰፈር። ቢያንስ ከ1932ቱ (እ.ኤ.አ.) «ግራንድ ሆቴል» ጀምሮ ሆሊውድ ሲሠራበት የኖረ መንገድ ነው። ሎኬሽኑ አንድ ስለሆነ ለጀማሪ ርካሽና ቀላል ይመስላል። ነገር ግን ቦታ ማሰሪያ የሚሆነው ሰዎቹን አንድ ነገር ሲያስገድዳቸው ብቻ ነው። ካሜራው ፊት ስላለ ብቻ አያስርም።

የግብፁን «የያዕቆብያን ሕንፃ» ተመልከቱ። ማርዋን ሐመድ በ2006 (እ.ኤ.አ.) ከአላ አል አስዋኒ ልቦለድ የሠራው ፊልም ነው። ካይሮ መሀል የቆመ አሮጌ ሕንፃ አለ፤ አፓርታማዎቹ ውስጥ ባለገንዘቡና የድሮው ባላባት ይኖራሉ፣ ጣሪያው ላይ በተደረደሩት ጠባብ ክፍሎች ድሃው ይኖራል። ድሃው ከሁሉም በላይ ያድራል፣ ማዕረጉ ግን ከሁሉም በታች ነው። የዘበኛው ልጅ ጣሃ ፖሊስ አካዳሚ ለመግባት ለቃለ መጠይቅ ይቀርባል። የአባትህ ሥራ ምንድን ነው ይሉታል፤ በዚያው ይወድቃል። ልጁ ከዚያ በኋላ የሚገባበት የጨለማ መንገድ ሁሉ የሚጀምረው ከዚያች ጥያቄ ነው። ሕንፃው ገና ከፊልሙ መጀመሪያ ማን የማን አሳላፊ፣ ማን የማን ጌታ እንደሆነ አሳይቶናል፤ ስለዚህ ጥያቄዋ ስትመጣ ማብራሪያ አያስፈልጋትም።

ድሬ ላይ ይህን ሥራ የሚሠራላችሁ ደቻቱ ነው። ዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ አሸዋ ብቻ የሆነው ይህ ወንዝ ከዚራን በአንድ በኩል፣ መጋላን በሌላ በኩል ያቆማል። ከዚራ ምድር ባቡር ሲመጣ በቀጥ ያለ መንገድና በዛፍ ጥላ ታቅዶ የተሠራ ሰፈር ነው፤ መጋላ ደግሞ ንግድ የሠራው። እንግዲህ ጠይቁ፦ የእናንተ ነጋዴ እናት በቀን ስንት ጊዜ ትሻገራለች? ሽማግሌው የባቡር ሠራተኛ ለምን አይሻገርም? አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር በ2016 (እ.ኤ.አ.) ሲመረቅ ጣቢያው ከከተማው ወጣ ብሎ ነው የተሠራው። የሽማግሌው ጣቢያና የልጁ ጣቢያ የተለያዩ ናቸው ማለት ነው። ይህን ፈልጋችሁ አልፈጠራችሁትም፣ ከተማዋ አዘጋጅታ አስቀምጣላችኋለች።

የቦታ ትልቁ ድክመት ማብቂያ የሌለው መሆኑ ነው። ሰፈር ነገም ሰፈር ነው። ሮበርት አልትማን በ1975 (እ.ኤ.አ.) «ናሽቪል»ን ሲሠራ 24 ዋና ገጸ ባሕርያት ይዞ ነበር፤ ያልተበተነበት አንዱ ምክንያት ሁሉንም በአምስት ቀን ውስጥ አጥሮ ወደ አንድ የምርጫ ቅስቀሳ መድረክ መንዳቱ ነው። እናንተ ዘንድ ከመድረክ የሚበልጥ ነገር አለ፤ ታኅሣሥ 19። የቁልቢ ገብርኤል ሰሞን መንገዱ ሁሉ ይጨናነቃል፤ ስለት ያለበት፣ ሻጩ፣ ሾፌሩ፣ ከሩቅ የመጣ ዘመድ፣ ለማኙ፣ ኪስ አውላቂው፣ እንግዳ ተቀባዩ ሙስሊም ጎረቤት፣ ሁሉም በአንድ አቅጣጫ ይንቀሳቀሳል። ቦታም ቀጠሮም አንድ ላይ ተገኘ ማለት ነው። ይህ አጋጣሚ እስካሁን በሚገባ አለመነካቱ ያንገበግበኛል።

ድንገተኛ ክስተት

አደጋ፣ እሳት፣ ጎርፍ፣ ግድያ። በእኔ ግምት ከአራቱ እጅግ ጠንካራው ይህ ነው፤ አላግባብ ሲሠራበት ደግሞ እጅግ ርካሹ።

ጠንካራውን ለማየት የሜክሲኮውን «አሞሬስ ፔሮስ» ቀረብ ብለን እንየው። በ2000 (እ.ኤ.አ.) የወጣ፣ ጊዬርሞ አሪያጋ ጽፎት አሌሃንድሮ ጎንዛሌዝ ኢኛሪቱ ያዘጋጀው ፊልም ነው። የሚጀምረው በሚከንፍ መኪና ውስጥ ነው። ሁለት ወጣቶች ይጮሃሉ፣ የኋላው ወንበር ላይ ውሻ ይደማል፣ መሣሪያ የያዙ ሰዎች ከኋላ ያሳድዷቸዋል። ከዚያ ግጭት። እነማን ናቸው? ውሻውን ማን አቆሰለው? አናውቅም። ፊልሙ ወደ ኋላ ተመልሶ የልጁን ታሪክ ይነግረናል፤ የወንድሙን ሚስት ይወዳል፣ ከእሷ ጋር ለመጥፋት ብር ለማጠራቀም ኮፊ የተባለውን የቤት ውሻ ውርርድ ላይ ያዋጋል። ሁለተኛው ምዕራፍ በግጭቱ እግሯ የተሰበረ ሞዴል ቤት ያስገባናል፤ በመስኮቷ ትይዩ የራሷ ምስል ያለበት ትልቅ የማስታወቂያ ሰሌዳ ተሰቅሏል። ሦስተኛው ጎዳና ላይ የሚኖር የቀድሞ ታጣቂ፣ የአሁን ቅጥር ገዳይ ነው። ግጭቱ ሲደርስ እዚያው ነበር፤ የቆሰለውን ኮፊን ተሸክሞ ይወስደዋል፣ ያስታምመዋል፣ ያድነዋል። አንድ ቀን ውጭ ውሎ ሲመለስ ኮፊ የሽማግሌውን ውሾች በሙሉ ገድሏቸዋል። ሽማግሌው ሽጉጡን ያነሳል፣ ያነጣጥራል፣ ግን አይተኩስም።

እንግዲህ መፈተኛውን እዚህ ላይ ሞክሩት። የመጀመሪያውን ምዕራፍ አውጡ። የቀረው ጨካኝ ውሻና ያበደ ሽማግሌ ነው። ምዕራፉ ሲኖር ግን ያንን ውሻ መግደል ማን እንዳስተማረው እናውቃለን፤ ለፍቅር ብሎ ያደረገው ልጅም አይታወቀውም። ሽማግሌው ደግሞ በውሻው ውስጥ ራሱን ያያል፣ መግደልን የተማረ ፍጡር። ይህ ሁሉ ያለ አንድ ቃል ነው የሚተላለፈው። ግጭቱ መኪኖቹን አጋጨ፤ ታሪኮቹን ያሰረው ግን ውሻው ነው። ደካማ ጸሐፊ በግጭቱ ብቻ ይረካል።

ሌላም ትምህርት አለው፦ ክስተቱን ያስቀመጠው መጀመሪያ ላይ ነው። መጨረሻ ላይ ቢሆን ኖሮ ሁሉንም ታሪክ በአንድ ምት የሚዘጋ የጸሐፊ ማምለጫ ይሆን ነበር። መጀመሪያ ላይ ስለሆነ ግን ከእያንዳንዱ ሰው ጋር በፍርሃት እንሄዳለን።

ድሬ ላይ ክስተት ሲባል የሁላችንም ሐሳብ አንድ ቦታ ይሄዳል። በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ ደቻቱ በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ወስዷል። ይህን ለመጻፍ የምታስቡ ካላችሁ አንድ ነገር እለምናችኋለሁ፦ ጎርፉን የመጨረሻው አሥር ደቂቃ አታድርጉት። መውጫ ያጡ አራት ታሪኮችን ለመዝጋት እውነተኛ ሙታንን መጥራት ነውር ነው፤ በጥበቡም ቢሆን አያዋጣም፣ ጎርፉን ከገጸ ባሕርያቱ ማንም አላመጣውምና። ከጎርፉ በኋላ ባለው ማለዳ ጀምሩ። ማን ማንን እየፈለገ ነው? ማን ያልሆነውን ነኝ ብሎ ሰው ቤት ገባ? ያኔ ክስተቱ የታሪኩ ምንጭ ይሆናል።

ከእጅ ወደ እጅ የሚሄድ ዕቃ

እዚህ ማሰሪያው ሰንሰለት ነው። ታዋቂው ምሳሌ የዚያው የኢኛሪቱና የአሪያጋ «ባቤል» ነው፤ በ2006 (እ.ኤ.አ.) ካን ላይ የምርጥ ዳይሬክተር ሽልማት አግኝቷል። አንድ ጃፓናዊ አዳኝ ሞሮኮ ውስጥ ለመንገድ መሪው ጠመንጃ ይሰጣል፤ መንገድ መሪው ለፍየል አርቢ ይሸጠዋል፤ የአርቢው ልጆች ርቀቱን ሲፈትኑ አውቶቡስ ውስጥ ያለች አሜሪካዊት ይመታሉ፤ እሷና ባሏ በመዘግየታቸው አሜሪካ ያሉትን ልጆቻቸውን የምትጠብቀው ሜክሲኳዊት ልጆቹን ይዛ ድንበር ተሻግራ ልጇ ሠርግ ትሄዳለች። እስከዚህ ድረስ እያንዳንዱ ቀለበት ቀጣዩን ይጎትታል። የቶኪዮዋ መስማት የተሳናት ልጅ ታሪክ ግን የአዳኙ ልጅ ከመሆኗ ሌላ ምንም አያስራትም። ትወናው ልብ ይነካል፤ እኔ ፊልሙን ሳስብ ቀድማ የምትመጣልኝ እሷ ናት። በማሰሪያ ዓይን ግን ጠመንጃው ሊሸከመው የማይችለው ሸክም ተጭኖበታል።

«ባቤል» በጣም የሚያምርበት ቦታ አንድ የስልክ ጥሪ ነው። መጀመሪያ አካባቢ ሞግዚቷ ቤት ሆና ስታናግር እንሰማለን፤ መጨረሻ ላይ ያንኑ ጥሪ ከሞሮኮ ሆስፒታል፣ ከአባትየው በኩል እናየዋለን። ትንሹ ልጅ የትምህርት ቤት ወሬውን ያወራለታል፣ አባት ድምፁን ውጦ ያለቅሳል። ንግግሩ ቀድሞ የሰማነው ነው፤ የምናውቀው ግን አሁን በዝቷል። ከገንዘብ አንጻር አስቡት፤ አንድ ስልክ፣ ሁለት ክፍል፣ ሁለት ተዋናይ። የትኛውም የድሬ ቡድን ሊሠራው የሚችል ትዕይንት ነው።

እኛ አካባቢ ሰንሰለት ሲባል ጫት ነው። ከጠመንጃ የሚበልጥበት ምክንያት ጫት ሰዓት ያለው መሆኑ ነው። ጠመንጃ ለዓመታት ግድግዳ ላይ ሊሰቀል ይችላል። ጫት ግን ዛሬ ተቀንጥሶ ዛሬ ካልደረሰ ዋጋ የለውም፤ ሾፌሩ የሚከንፈው፣ ሻጯ ከቀትር በኋላ ፊቷ የሚለዋወጠው ለዚህ ነው። ገበሬው፣ ቀንጣሹ፣ አወዳይ ላይ ዙርባውን (የጫቱን እስር) የሚያስረው፣ አይሱዙው፣ ድሬ ጥግ ላይ የተቀመጠችው ሻጭ፣ በርጫው ላይ ያሉት ሰዎች፣ በመጨረሻም ገራባውን (የጫቱን ትርፍራፊ) የሚለቅመው። ዋጋው በየእጁ ይለወጣል፤ ሁሉም ግን የሚሮጠው ከአንድ ሰዓት ጋር ነው። ሰዓት ያለው ዕቃ ካገኛችሁ ውጥረቱን ለመፍጠር አትደክሙም። አደጋው ሌላ ነው፦ ሰንሰለት ሰዎቹን አቀባባይ ብቻ ያደርጋቸዋል። እያንዳንዱ ሰው ዙርባውን ሲቀበልና ሲያስረክብ የራሱ የሆነ አንድ ነገር ካልከፈለ ሥራው ዘጋቢ ፊልም ይሆንባችኋል።

ሐሳብ

«ሁሉም ስለ ስደት ነው»፣ «ሁሉም ስለ ይቅርታ ነው»። ለመጀመሪያ ፊልም አልመክረውም። ዲ. ደብልዩ. ግሪፊዝ በ1916 (እ.ኤ.አ.) «ኢንቶለረንስ» ላይ ጥንታዊት ባቢሎንን፣ የክርስቶስን ዘመን፣ የ1572ቱን የፓሪስ እልቂትና የራሱን ዘመን አሜሪካ በአለመቻቻል ሐሳብና የሕፃን አልጋ በምትወዘውዝ ሴት ምስል ብቻ አስሮ ነበር። ለኤዲቲንግ ጥበብ ብዙ አስተምሯል፣ ገበያው ላይ ግን ከሰረ። ሐሳብ ከሌላ ማሰሪያ ጋር ሲሆን ያምራል፤ ብቻውን ሲሆን ተመልካቹ አራት ፊልም በአንድ ትኬት ያየ ይመስለዋል፣ አንዱንም ሳይጠግብ።

አጋጣሚ ስንት ያስከፍላል?

ማሰሪያችሁ ምንም ይሁን ገጸ ባሕርያቱ መገናኘታቸው አይቀርም፤ ተመልካች ደግሞ የሚዋጥለት አጋጣሚ የተወሰነ ነው። በ2006 (እ.ኤ.አ.) የምርጥ ፊልም ኦስካርን የወሰደው «ክራሽ» ላይ አንድ ፖሊስ ማታ መንገድ ላይ አስቁሞ ያዋረዳትን ሴት በማግስቱ ሊቃጠል ከተቃረበ መኪና ጎትቶ ያወጣታል። ትዕይንቱ በራሱ ኃይለኛ ነው። ሆኖም ሎስ አንጀለስ በሚሊዮን የሚቆጠር ሰው ያለባት ከተማ ናት፤ ፊልሙም እንዲህ ዓይነቱን ግጥምጥሞሽ ደጋግሞ ይጠቀማል፤ በስተመጨረሻ የሚታየን የጸሐፊው እጅ ነው።

በዚህ በኩል እኛ እድለኞች ነን። ከዚራ ጠዋት የተጣላኸውን ሰው ማታ ሻይ ቤት ብታገኘው ማንም ተመልካች «አቦ፣ ይሄማ ውሸት ነው» አይልም። የሐረር ጀጎል ደግሞ አንድ ስኩዌር ኪሎ ሜትር የማይሞላ ቦታ በግንብ ታጥሮ፣ አምስት ጥንታዊ በሮች ይዞ የተቀመጠ ከተማ ነው። እዚያ ውስጥ ሰው ከሰው መሸሽ ነው የሚያስደንቀው። ስለዚህ ጀጎል ላይ ጥያቄውን ገልብጡት፦ መገናኘታቸውን ሳይሆን ሊሸሸግ የፈለገ ሰው ጠባቧን መንገድ እንዴት እንደሚያልፍ ጻፉ። ያው ታሪክ አዲስ አበባ ቢዛወር ግን እያንዳንዱን ግንኙነት ማስረዳት ግድ ይላችኋል።

በምዕራፍ ወይስ በማፈራረቅ?

ማሰሪያውን ከመረጣችሁ በኋላ የሚመጣው ምርጫ ይህ ነው፤ ከጥበቡ በላይ የገንዘብ ጉዳይ አለበት። በምዕራፍ ስትሠሩ የአንዱን ታሪክ ቀረጻ ጨርሳችሁ ተዋናዮቹን ታሰናብታላችሁ። ብር ቢያልቅ እንኳ የተጠናቀቀ አንድ ታሪክ በእጃችሁ ይቀራል። ኪሳራው፣ የመጀመሪያውን ታሪክ የወደደ ተመልካች ሁለተኛው ላይ ይቀዘቅዛል፤ «አሞሬስ ፔሮስ» እንኳ ሁለተኛው ምዕራፍ ላይ ይከብዳል። ማፈራረቅ፣ ማለትም ከአንዱ ታሪክ ወደ ሌላው እየተመላለሱ መሄድ፣ ውጥረቱን ያቆያል፣ ነገር ግን ደካማውን ታሪክ ያጋልጣል፤ ወደሱ በተመለሳችሁ ቁጥር አዳራሹ ውስጥ ስልክ ሲበራ ታያላችሁ።

ለማፈራረቅ ከወሰናችሁ ተመልካቹ የት እንዳለ በአንድ ሰከንድ ማወቅ አለበት። ስቲቨን ሶደርበርግ በ2000 (እ.ኤ.አ.) «ትራፊክ» ላይ ይህን በቀለም ፈታው፤ ሜክሲኮ በቃጠሎ ቢጫ፣ የባለሥልጣኑ ታሪክ በቀዝቃዛ ሰማያዊ። የሜክሲኮው ታሪክ ሰዎችም በስፓኒሽ ነው የሚያወሩት። እኛ ደግሞ ቀለም መቀባት እንኳ አያስፈልገንም። የድሬ ቀትርና የሐረር ደጋ ብርሃን አንድ አይደሉም፤ አማርኛው፣ ኦሮምኛው፣ ሶማልኛው፣ ሐረሪው ከአንድ ጎዳና ይሰማሉ። እያንዳንዱን ታሪክ ሰዎቹ ቤታቸው በሚያወሩበት ቋንቋ አስኪዱት፣ የግርጌ ጽሑፍ ጨምሩበት። ሁሉም ሰው በመዲናዋ አማርኛ የሚናገርበት የድሬ ፊልም ሳይ ከማሰሪያው በፊት ከተማዋ ትጠፋብኛለች።

ስለ ብዛቱ በአጭሩ፦ የሁለት ሰዓት ፊልም ለአራት ታሪክ ሲካፈል ለእያንዳንዱ 30 ደቂቃ ይደርሳል፤ ለስድስት ሲካፈል 20፤ ለአሥር ሲካፈል 12። ሆሊውድ በ2010 (እ.ኤ.አ.) «ቫለንታይንስ ደይ» ላይ ይህን ችግር በዝነኛ ፊቶች ሸፈነው፤ ጁሊያ ሮበርትስን ስታይ ማን ናት ብለህ አትጠይቅም። ትኬቱ ተሸጠ፣ ታሪኮቹ ግን አንዳቸውም ሥር አልሰደዱም። ዝነኛ ፊት የሌለው ቡድን ከሦስት ታሪክ ባያልፍ እመርጣለሁ።

እንግዲህ የእኔን ምርጫ ለሚጠይቅ፦ ለመጀመሪያ ፊልም ሦስት ታሪክ፣ በምዕራፍ፣ በአንድ ትንሽ ክስተት የታሰረ። የአይሱዙ ግጭት ወይም የጠፋ ዙርባ ይበቃል። የመንገድ ቀረጻ የሚችል መኪናና ፈቃድ ያለው ቡድን የጫቱን ሰንሰለት በማፈራረቅ ይሞክር። ቁልቢን የሚደፍር ደግሞ ሕዝቡን ታኅሣሥ 19 ላይ መቅረጽ ስላለበት፣ የተዋናዮቹን ትዕይንት ከዚያ በፊት ጨርሶ ይጠብቅ፤ ያ ቀን ካመለጠ ቀጣዩ ንግሥ ሐምሌ 19 ነው፣ ክረምት ላይ፤ ብርሃኑም መንገዱም ሌላ ይሆንበታል።